ለእናቴ ሴንሰር ከተገጠመላት ወዲህ የሚያስጨንቁን ቁጥሮች

ጥያቄ፤ ከ«ልጅ ለእናቷ»

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዐይነት ሁለት የስኳር ሕመም ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ማታ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን፣ ከምግብ በፊት ደግሞ ፈጣኑን ትወጋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስኳሯ ሲወርድ እንደ ቀድሞው አያልባትም፣ እጇም አይንቀጠቀጥም፤ ንግግሯ መዘበራረቅ ሲጀምር እኛ ነን ቀድመን የምናውቀው። ሐኪሟ ይህን ሲሰማ ክንዷ ላይ ተለጥፎ የስኳሯን መጠን ሌት ተቀን የሚከታተል ሴንሰር እንድታደርግ ወሰነ። ንባቡ በየአምስት ደቂቃው በስልኬ ይመጣል፤ ከእኛ ርቃ የምትኖረው ታላቅ እኅቴም በራሷ ስልክ ትከታተለዋለች።

መሣሪያው ያመጣልንን እፎይታ አልክድም፤ ይሁንና ከእርሱ ጋር አብረው የመጡት ጥያቄዎች እንቅልፍ እየነሱን ስለ ሆነ ልምዱም ሆነ ሙያው ያላችሁ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው የቁጥሮቹ አለመስማማት ነው። ሴንሰሩ 84 (የስኳሩ ቁጥር ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው) ሲያሳይ ጣቷን ወግተን ስንለካ 98 እናገኛለን፤ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከምግብ በኋላ ግን ሴንሰሩ 160 እያለ የጣቱ 198 ሲሆን የትኛውን ይዘን እንደምንወስን ግራ ይገባናል። ሁለተኛው የሌሊቱ ማንቂያ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደወሉ ይጮኻል፤ ሴንሰሩ 56 ይላል፤ ተሯሩጠን ቀስቅሰናት ጣቷን ስንለካ 112 ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶ ሴንሰሩም ራሱ ወደ 100 ይመለሳል። ይህ ሲደጋገምባት እናቴ «ይህን ነገር አንሡልኝ» ማለት ጀምራለች። እኔም ደወሉን ላጥፋው ወይስ ልተወው እያልሁ እወላውላለሁ፤ ምክንያቱም በአንዳንዱ ሌሊት መውረዱ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሦስተኛው ነው። ምሳ በበላች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ 230 ወይም 240 ሲደርስ፣ ስኳሯ ወዴት እያመራ እንደ ሆነ የሚያሳየው ቀስትም ወደ ላይ ሲያመለክት፣ እኅቴ ወዲያው ትደውልና «ፈጣኑን ኢንሱሊን ጨምሩላት እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ?» ትላለች። በቅርቡ የተሠራው የሦስት ወር አማካይ ምርመራ፣ ማለትም ኤዋንሲዋ፣ 6.9 በመቶ ስለ ሆነ እኅቴ ይህ ውጤት እንዳይበላሽ ትሰጋለች። ሐኪሙ በበኩሉ 6.9 መሆኑ ብዙም ያስደሰተው አይመስልም፤ በመተግበሪያው ላይ የሚወጣውን የሁለት ሳምንት ዘገባ ይዘን እንድንመጣም ቀጥሮናል። ዘገባው ከ70 እስከ 180 ባለው ክልል ውስጥ የቆየችበትን ጊዜ 63 በመቶ፣ ከ70 በታች የቆየችበትን 6 በመቶ፣ ከ180 በላይ የቆየችበትን ደግሞ 31 በመቶ ያደርገዋል። እኅቴ «70 በመቶ መድረስ ግዴታ ነው» እያለች እናቴን ታስጨንቃታለች። ለእናቴ ትክክለኛው ግብ የትኛው ነው? ከየትኛውስ ቁጥር ነው መጀመር ያለብን?


መልስ፤ ከ«የስኳር ክትትል ነርስ»

እኅቴ፣ ከሦስተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌሎቹ እስከ ቀጠሮው ቀን ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይህኛው ግን ዛሬውኑ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነው።

ፈጣን የሚባለው ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ከገባ በኋላ መሥራት ለመጀመር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ኃይሉ የሚበረታው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ሥራው ጨርሶ የሚያበቃው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ቆይቶ ነው። እናትዎ ምሳ ከበሉ አንድ ሰዓት ሲሞላቸው የምግቡ ስኳር በደማቸው ውስጥ ጫፍ ላይ የሚደርስበት፣ ከምግቡ በፊት የተወጉት ኢንሱሊን ደግሞ ገና ኃይሉን የሚያገኝበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሌላ መርፌ ቢጨመር ሁለቱ ይደራረባሉ። መደራረባቸው ወዲያው አይታይም፤ የምግቡ ስኳር ካለቀ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ነገሩን ሲረሳው፣ ስኳሩን ይዞት ይወርዳል። ኩላሊቱ በዕድሜም ሆነ በሕመም በደከመ ሰው ላይ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ አደጋው ይብሳል፤ የመውረዱን ምልክት የማይሰሙ ሰው ሲሆኑ ደግሞ እጅግ ይከፋል። ስለዚህ ምሳ በተበላ በአንድ ሰዓት የሚታየው 240 ልብ ሊባል የሚገባው መረጃ እንጂ መርፌ የሚያስነሣ ትእዛዝ አይደለም። ማረሚያ ኢንሱሊን፣ ማለትም ከፍ ያለውን ስኳር ለማውረድ የሚጨመር መርፌ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ከየትኛው ቁጥር በላይ፣ ካለፈው መርፌ ስንት ሰዓት ቆይቶ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥ ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ያ ጽሑፍ እስኪኖራችሁ ድረስ በስልክ በሚተላለፍ ሐሳብ ኢንሱሊን ባይጨመር እመክራለሁ። በሌላ በኩል ቁጥሩ ከ250 በላይ ሆኖ ለብዙ ሰዓታት አልወርድ ካለ፣ በተለይም ማስታወክ፣ ብርቱ ጥማት፣ ያልተለመደ ድካም ወይም መደናገር ካለበት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

አሁን ወደ ግቡ ልምጣ። እኅትዎ የሚጠቅሱት 70 በመቶ ከየትም የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለአብዛኞቹ ዐይነት አንድና ዐይነት ሁለት ታማሚዎች ያስቀመጠው ግብ ነው። በዚያ ስምምነት መሠረት ከ70 እስከ 180 ባለው ክልል ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ፣ ከ70 በታች ከ4 በመቶ ያነሰ፣ ከ54 በታች ደግሞ ከ1 በመቶ ያነሰ ጊዜ መቆየት ይፈለጋል። ነገር ግን ያው ሰነድ ለአረጋውያንና ስኳር መውረድ ለሚያሰጋቸው ሰዎች ሌላ መስፈርት አለው፤ በክልሉ ውስጥ ከ50 በመቶ በላይ መቆየት ይበቃቸዋል፣ ከ250 በላይ የሚቆዩበት ጊዜ ከ10 በመቶ ማነስ አለበት፣ ከ70 በታች የሚቆዩበት ጊዜ ግን ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። አንድ በመቶ ማለት በቀን ወደ 15 ደቂቃ ግድም ነው። በዚህ መስፈርት ሲታይ የእናትዎ 63 በመቶ ግቡን ያለፈ ነው፤ ከመስመር የወጣው 6 በመቶው ነው፤ በየቀኑ በአማካይ ከ80 ደቂቃ በላይ ከ70 በታች ይሆናሉ ማለት ነውና። ከየትኛው ቁጥር ልጀምር ላሉት መልሴ ይህ ነው፤ ከ6ቱ በመቶ ይጀምሩ። የ31ዱ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል፤ ከ31ዱ ውስጥ ምን ያህሉ ከ250 በላይ እንደ ሆነ ግን ዘገባው ለይቶ ስለሚያሳይ እርሱንም ይመልከቱ።

የ6.9 ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኤዋንሲ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳይ ምርመራ ሲሆን አማካይ ደግሞ ከፍታውንና ዝቅታውን አቻችሎ ያቀርባል። ቀኑን ሙሉ ከ140 እስከ 160 ባለው መካከል የቆየ ሰውና ከሰዓት 260 ደርሶ ሌሊት 55 የወረደ ሰው ተመሳሳይ ኤዋንሲ ሊኖራቸው ይችላል። ምልክት የማይሰማቸው የ74 ዓመት እናት 6.9 ሲያመጡ አንድ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህ ቁጥር በሌሊት መውረድ የተገኘ እንዳይሆን ነው። ብዙ ተደራራቢ ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያ ከ8 በመቶ በታች መሆንን በቂ አድርጎ የሚቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእናትዎ የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪማቸው ነው፤ እኅትዎ ግን ውጤቱ በትንሹ ከፍ ማለቱን እንደ ውድቀት እንዳያዩት ከወዲሁ ቢነግሯቸው መልካም ይመስለኛል።

ስለ ሴንሰሩና ስለ ጣቱ ልዩነት በአጭሩ ልበል። ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ከቆዳ ሥር በሚገባው የሴንሰሩ ቀጭን ክር ጫፍ ላይ ያለው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኤንዛይም ከግሉኮሱ፣ ማለትም ከስኳሩ፣ ጋር ሲዋሐድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ መሣሪያው ያንን ፍሰት ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ግሉኮስ ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ስለሚወስድ ስኳር በፍጥነት ሲወጣ ሴንሰሩ ከጣቱ ያነሰ፣ በፍጥነት ሲወርድ ደግሞ ከጣቱ የበለጠ ቁጥር ያሳያል። ከምግብ በኋላ ያያችሁት 160 እና 198 ይኸው ነው፤ ብልሽት አይደለም። በአሠራር ደረጃ ከ100 በታች እስከ 20 ነጥብ፣ ከ100 በላይ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ልዩነት የሚጠበቅ ነው፤ የጣቱ መለኪያም ቢሆን የራሱ የ15 በመቶ ያህል ስሕተት ይፈቀድለታል፣ እጅ በውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ከተለካ ደግሞ በጣት ላይ የቀረ የምግብ ቅሪት ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ማነጻጸር ከፈለጋችሁ ቀስቱ ወደ ጎን በሚያመለክትበት ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቁርስ በፊት፣ አነጻጽሩ።

የመጀመሪያው ተከታታይ መከታተያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲፈቀድ መረጃውን ሐኪሙ ከቀናት በኋላ የሚያየው እንጂ ታማሚው በሰዓቱ የሚጠቀምበት አልነበረም፤ በሴንሰር ንባብ ብቻ የኢንሱሊን መጠን መወሰን በዚያው አገር የተፈቀደውም እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይህን የማነሣው ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ለውሳኔ የሚበቁ መሆናቸውን ለማመልከት ነው። ይሁንና የእናትዎ ሁኔታና የሴንሰሩ ቁጥር በማይጣጣሙበት ጊዜ፣ ማለትም ንግግራቸው ተዘበራርቆ ሴንሰሩ 110 ሲል፣ ወይም ሴንሰሩ 50 እያለ እርሳቸው በደኅና ሲጫወቱ፣ ጣት መውጋት ግድ ነው።


መልስ፤ ከ«ከልጅነት ጀምሮ»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐይነት አንድ ታማሚ ነኝ፤ ከነርሷ መልስ በኋላ ስለ ሌሊቱ ደወል ብቻ ልጨምር።

ሰው ሴንሰሩ በተለጠፈበት ጎን ሲተኛ የሰውነቱ ክብደት ቦታውን ስለሚጫነው በቆዳው ሥር ያለው የፈሳሽና የደም ዝውውር ይቀንሳል፤ ለሴንሰሩ የሚደርሰው ግሉኮስ ስለሚያንስም ቁጥሩ ይወድቃል። ሰውየው ሲገላበጥ፣ ወይም እናንተ እንዳደረጋችሁት ተቀስቅሶ ሲቀመጥ፣ ምንም ሳይበላ ቁጥሩ ይመለሳል። ይህን ከእውነተኛው መውረድ ለመለየት በማግስቱ ጠዋት የሌሊቱን መስመር ከፍታችሁ ቅርጹን እዩ። በመጫን የመጣው ከ110 ወይም ከ120 ተነሥቶ በሁለት ሦስት ንባብ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፣ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያም በዚያው ፍጥነት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በኢንሱሊን የሚመጣው መውረድ ግን ብዙውን ጊዜ ለሰዓታት እየተንሸራተተ ይመጣል፤ 130 የነበረው 110፣ ከዚያ 90፣ ከዚያ 75 እያለ፤ ምግብ ካልተወሰደም እንዲያ በአንድ ጊዜ ብድግ አይልም።

እናትዎ ብዙውን ጊዜ በየትኛው ጎን እንደሚተኙ ይጠይቋቸው፤ ወይም ደግሞ ራስዎ ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚተኛበትን ጎን በትክክል አያውቅም። የሚቀጥለው ሴንሰር በሌላው ክንድ ላይ ይሁን፣ ያውም ክንዱ ከአልጋው ጋር ከሚነካካበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ። እስከዚያው ከጀርባቸው ትራስ ማድረግ ወደዚያ ጎን እንዳይገለበጡ ይረዳል። የመውረድ ደወሉን ግን በምንም ምክንያት አያጥፉት። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች በ55 ላይ የሚጮኸውን የአስቸኳይ ጊዜ ደወል ማጥፋት የማይፈቅዱትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መውረዱ ለማይሰማው ሰው ያ ድምፅ ብቸኛው ምልክት ነው።

ደወሉ እውነት ሆኖ ሲገኝ ሌላ ወጥመድ አለ። 15 ግራም ስኳር፣ በግሉኮስ እንክብል ወይም በሚጠጣ ጣፋጭ፣ ይሰጥና 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ደሙ መነሣት ቢጀምርም ሴንሰሩ ገና ወደ ኋላ ስለሚዘገይ 60 ላይ ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ቤተሰብም ደንግጦ ሌላ ሌላ ሲጨምር ንጋት ላይ 280 ይገኛል። ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚታመነው ጣት ነው። ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው ደግሞ በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ ይተኛ፣ ሐኪሙ ስኳርን ከፍ የሚያደርገውን ግሉካጎን የተባለ መድኃኒት አዝዞ ከሆነ እርሱ ይሰጥ፣ የድንገተኛ ሕክምናም ይጠራ።

ሴንሰሩ በተለጠፈ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ስለሚዋዥቅ በዚያ ቀን የሚታየውን ሁሉ በጣት ማረጋገጥ ጥሩ ነው። ፓራሲታሞል፣ ብዛት ያለው ቫይታሚን ሲ እና ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒት በአንዳንድ ሴንሰሮች ላይ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርጋሉ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ በመመሪያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ማጣበቂያው ቆዳቸውን ካሳከካቸው ወይም ካቀላው ቦታ መቀያየር ብቻ ላይበቃ ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው አክሪሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለርጂ ያስነሣል።


መልስ፤ ከ«የአባቱ አስታማሚ»

እኔም አባቴን ከወንድሞቼ ጋር ሆኜ ስለማስታምም ስለ እኅትዎ የጻፉትን ሳነብ የራሳችን ቤት መስሎ ታየኝ። ከሩቅ ያለ ሰው የሚያየው ቁጥሩንና ቀስቱን ብቻ ነው፤ መቼ እንደ በሉ፣ መርፌው መቼ እንደ ተወጋ፣ ፊታቸው ምን እንደሚመስል አያይም። ጭንቀቱ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ «አትደውዪ» ማለት አያበርደውም፤ እኛን የጠቀመን ማንቂያዎቹን መለየት ነው።

በአብዛኞቹ መተግበሪያዎች ንባቡን ከሩቅ የሚከታተለው ሰው በራሱ ስልክ ላይ የራሱን የማንቂያ ቁጥር ማስተካከል ይችላል። ከሩቅ ያሉት ወንድሞቼ የመውረዱን ማንቂያ በ70 ላይ ትተው የመውጣቱን ወደ 300 ከፍ አደረጉት። እዚሁ ያለሁት እኔ ደግሞ ለመውረዱ 80 ላይ አስቀመጥሁ፤ 70 ሳይደርስ የምሠራበት ጊዜ እንዲኖረኝ ነው። ከዚያም ማን መቼ እንደሚደውል ተስማማን፤ የመውረድ ማንቂያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምላሽ ካላገኘ ሩቅ ያለው ይደውላል፣ ለመውጣት ግን አይደወልም። የምግቡንና የመርፌውን ሰዓት በቤተሰብ የመልእክት መለዋወጫችን ላይ በአጭሩ መጻፍ ስንጀምር ጥያቄው ራሱ ቀነሰ፤ «ምሳ 7 ሰዓት፣ መርፌ 15 ደቂቃ ቀድሞ» የሚል መስመር ያነበበ ሰው 8 ሰዓት ላይ በሚያየው 230 አይደናገጥም።

እናትዎ «አንሡልኝ» ያሉትንም ቀለል አድርገው አይመልከቱት። አረጋዊ ሰው ሌሊት በተደጋጋሚ ከተቀሰቀሰ፣ ቀን ደግሞ በበላው ቁጥር በስልክ ከተወቀሰ፣ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን መብላቱንም ሊጠላው ይችላል። በእኛ ቤት ቁጥሩን ከምግብ ገበታ ላይ አናነሣም።


ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከ«ልጅ ለእናቷ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ ይዤ ዘገባውን ደግሜ አየሁት። ሴንሰሩ በግራ ክንዷ ላይ ነው፤ እናቴም የምትተኛው በግራ ጎኗ ነው። ድንገት ወርደው ድንገት የሚመለሱ ሌሊቶች በርግጥ አሉ። ነገር ግን ሁሉም እንዲያ አይደሉም፤ ዘገባው የሁለቱን ሳምንት ቀናት ደራርቦ በሚያሳየው ሥዕል ላይ የመካከለኛው መስመር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እየተንሸራተተ ወደ 11 ሰዓት ገደማ 80 አካባቢ ይደርሳል፤ በዙሪያው ያለው የደመቀ ቀለምም ጠባብ ሆኖ አብሮት ይወርዳል። ከምሳ በኋላ ግን ቀለሙ በጣም ሰፊ ነው። ይህን እንዴት ልረዳው? ለሐኪሙስ ምን ብዬ ላቅርብለት?


መልስ፤ ከ«የስኳር ክትትል ነርስ»

በጣም ጥሩ አድርገው አይተውታል፤ ብዙ ሰው ከመቶኛዎቹ አልፎ ወደዚያ ሥዕል አይደርስም።

የመካከለኛው መስመር በዚያ ሰዓት ከተመዘገቡት ንባቦች ግማሾቹ በላዩ፣ ግማሾቹ በታቹ የሆኑበት ነው። በዙሪያው ያለው የደመቀው ቀለም የንባቦቹን መካከለኛ ግማሽ፣ ፈዘዝ ያለው ደግሞ ከአልፎ አልፎዎቹ በቀር ሁሉንም ይይዛል። ቀለሙ ጠባብ የሆነበት ሰዓት በየቀኑ አንድ ዐይነት ነገር እየሆነ ነው ማለት ነው፤ ሰፊ የሆነበት ሰዓት ቀናቱ የማይመሳሰሉበት ነው። ሌሊት ጠባብ ሆኖ፣ ምግብም ፈጣን ኢንሱሊንም በሌለበት ሰዓት አብሮ የሚንሸራተት ከሆነ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በማታው ረጅም ኢንሱሊን መጠን ላይ ይወድቃል። ጥርጣሬ ነው የምለው የራት መርፌ ዘግይቶ ከሆነ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ብዙ ተራምደው ከሆነ እርሱም ሊያወርድ ስለሚችል ነው፤ ስለዚህ ራት የበሉበትንና የተወጉበትን ሰዓት ጽፈው ይውሰዱ። ከ6ቱ በመቶ ውስጥ የተወሰነው በመጫን የመጣ ሐሰተኛ መውረድ ሊሆን ስለሚችል ድንገት ወርደው ድንገት የተመለሱትን ሌሊቶች፣ በተለይ በጣት ያረጋገጣችኋቸውን፣ ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። ሐኪሙ መጠኑን ከሚገባው በላይ እንዳይቀንስም ይህ ይጠቅመዋል።

የምሳው ስፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የምግቡ መጠን ከቀን ቀን ከመለያየቱ ወይም መርፌው አንድ ቀን ከምግቡ 15 ደቂቃ ቀድሞ፣ ሌላ ቀን ገበታው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከመወጋቱ ነው። የመብላት ፍላጎታቸው የማያስተማምን አረጋውያን ካልበሉ እንዳይወርድባቸው ከምግብ በኋላ እንዲወጉ የሚታዘዝበት ጊዜም አለ፤ እናትዎ ምሳቸውን ሳይጨርሱ የሚተዉበት ቀን ካለ ይህን ለሐኪሙ ሳይናገሩ እንዳይመለሱ።

ዘገባው ላይ ሁለት ነገር ተጨማሪ ይፈልጉ። አንደኛው የመዋዠቅ መጠን ተብሎ በመቶኛ የሚሰጠው ነው፤ 36 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስኳሩ የተረጋጋ ነው ይባላል፣ ከዚያ ካለፈ የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል። ሁለተኛው ሴንሰሩ ከራሱ አማካይ የሚያሰላው የኤዋንሲ ግምት ነው። የ154 አማካይ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። ይህ ግምት ከላቦራቶሪው 6.9 ጋር በጣም ከተራራቀ ደም ማነስ ወይም የኩላሊት ችግር የላቦራቶሪውን ውጤት አዛብቶት ሊሆን ስለሚችል ያንንም ይጠይቁ። የሴንሰሩ መረጃ ከ14ቱ ቀናት ቢያንስ 70 በመቶውን መሸፈኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ ካነሰ ሥዕሉ አያስተማምንም።

ሐኪሙ የማታውን መጠን ከቀነሰ ለውጡ በአንድ ሌሊት አይታይም፤ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን በአዲሱ መጠን እስኪረጋ ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት የምሳውን መርፌ አብራችሁ አትነካኩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተለወጡ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም። የጠዋቱ ቁጥር ከለመዳችሁት ከፍ ብሎ 140 ወይም 150 ቢታይ ለእኅትዎ ቀድመው ይንገሯቸው፤ የሚፈለገው እርሱ ነው። የሌሊት ማንቂያውንም እስከዚያው 80 ላይ ያድርጉት፤ አዲሱ ሴንሰርም በቀኝ ክንዳቸው ላይ ይሁን።